የቆጠርኳቸው የውሃ በሮች

ባለፈው በልግ ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ አንድ የልማት ስብሰባ ተጋብዤ ነበር። ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ እንዲህ ወዳለ ቦታ የሚጠራው አዳራሽ ለመሙላትና በምሳ ሰዓት ስለ ድሮ ለማውራት ነው። ቅር አይለኝም፤ ምሳውም ጥሩ ነው። ንግግር ያደረገው ወጣት ባለሙያ ነጭ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ እያሳየ፣ ልማት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ መምጣት እንዳለበት አስረዳን። ገበሬው ያልመከረበት እርከን ዕድሜ የለውም አለ። ከተሜውም በሰፈሩ ስለሚቀደደው ቦይ ከንድፉ ጀምሮ መጠየቅ አለበት አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እኔም አጨበጨብኩ። ንግግሩ ጥሩ ነበር። ደስ ያላለኝ ነገሩን ትናንት የተገኘ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ይህንኑ ነገር ስም ሳያወጣለት ይሠራው የነበረ ሰው አውቅ ነበር። መርሻ ይባላል። በሕይወቴ እንደ እሱ የቀናሁበት ሰው የለም፤ እነሆ ዛሬም አንድ የማያውቀው ልጅ የእሱን ጭብጨባ ሲወስድበት ልናደድለት ሲገባኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ «እንኳንም ስሙ አልተነሳ» የሚል ነገር ነበር።

በሻይ ዕረፍቱ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ትንሽ ካጠና በኋላ «ጋዜጠኛው አይደሉም?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ሑሴን ነበር፤ የአሊዩ አምባው የሼህ ሰዒድ ልጅ፣ እኔ ሳውቀው አዲስ ሙሽራ፣ አሁን የልጅ ልጆች አያት፣ የቀበሌውን ገበሬዎች ወክሎ የመጣ። እጄን ሳይለቅ ወደ ጓደኞቹ ዞር አለና «እኚህ ከመርሻ ጋር ይመጡ የነበሩት ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። በሬዲዮ ስሜ እየተጠራ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። መርሻ ከሞተ ስንት ክረምት አልፏል። በዚያ አገር ግን እኔ አሁንም ከመርሻ ጋር የምመጣው ሰው ነኝ።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አንድ ዋና መንገድና ብዙ ብርድ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ውርጩ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል፤ የጋሪ ፈረሶች አፍንጫ ይጨሳል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ይበላል፤ ደህና ሙክት በጥቂት ባለ አሥር ብር ኖቶች ይገዛል፣ ግን አሥር ብር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቅዳሜ ከመንዝ የሚመጡት ገበያተኞች ባና ለብሰው ይገባሉ፤ ዝናብ የመታው የሱፍ ልብስ ሽታ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እየተከተለ ይገባል። የዛሬዋ ከተማ የፋብሪካ ጭስና ባለ መስታወት ፎቅ አላት፤ ያኔ ግን ከፍ ብሎ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና የቴሌው ምሰሶ ብቻ ነበር። ከቴሌው ማዕዘን ላይ ያለው ሱቅ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ስለሚከፍት፣ እኔ የላክሁት ዜና ሲነበብ እዚያ ቆሜ የሰዉን ፊት አያለሁ። ሰው አይሰማም። ስኳር መጣ ወይስ አልመጣም ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እኔና መርሻ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ነበር። እሱ የለሚ አገር ልጅ ነው፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ። እኔ ከአዲስ አበባ መርካቶ የገዛሁት የቆዳ ጃኬትና ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ቴፕ መቅጃ ነበረኝ። እሱ ካኪ ኮት ነበረው፤ አንዱ ኪሱ ከየማሳው በሚያነሣው አፈርና ጠጠር ተቀዷል። ሻይ ቤቷ ውስጥ እኩል ገብተን እኩል እንቀመጣለን፤ የእሱ ብርጭቆ እስከ አፉ ይሞላል፣ የእኔ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል። አንድ ወር ሙሉ ታዘብኩ፤ አልተሳሳትኩም። ባለቤቷን አንድ ቀን በቀልድ መልክ ብጠይቃት፣ «እሱ እኮ እናቴ መታመሟን ያውቃል» አለችኝ። እኔ እናት እንዳላት አላውቅም ነበር።

ወደ ገጠር አብረን ስንወጣ ነገሩ ይባስ ነበር። እኔን የሚጠሩኝ «ጓድ ጋዜጠኛ» ብለው ነው፤ እሱን «ልጃችን» ይሉታል። አንድን ገበሬ አዝመራው እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ መንግሥት ይመስገን» ይለኛል። እጽፈዋለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው ሰው ከመርሻ ጎን ቁጢጥ ብሎ በሬው እንደ ሞተበትና ማሳውን ለሌላ አራሽ በእኩል እንደ ሰጠ ሲያወራ እሰማለሁ። መቅጃዬን ስከፍት መፈክር ይጀምራሉ፤ ስዘጋው ዘፈናቸው ይመለሳል። ከላይ ያሉት ደገኞች ድንጋይ ሲያነሡ የሚያዜሙት ሆታ፣ ከታች ያሉት ሙስሊሞች ሲቆፍሩ የሚሉት መንዙማ፣ ሁለቱንም መርሻ በከንፈሩ ይከተላቸዋል። እኔ ካሴት ሙሉ መፈክር አለኝ።

ምን እንደሚያደርግ እንደ ሙያ ሰው አጠናሁት። ሲጠይቅ ከሚጠይቀው ሰው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። አንዱን ጥያቄ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ መልሱ ከተለዋወጠ አይከራከርም፣ አራተኛ ቀን ይመጣል። በሰው ፊት አይጽፍም። «አላውቅም» ይላል፤ ያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ አላውቅም ሲል የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሞከርኩት። ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው በርጩማ አመጡልኝ።

አሁን ስለ ቁልቁለቱ ልንገራችሁ። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ፣ ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣ ሰው ከቀትር በኋላ ደረቱን ገልጦ ነው የሚደርሰው። ላይኛው ገብስ ነው፣ ታችኛው ማሽላ። የላዮቹ አለቃቸው ያኔ መምሬ ኃይሉ ነበሩ፤ ጠዋት ቀድሰው ከቀትር በኋላ ካብ የሚክቡ ካህን። የታቾቹ የሑሴን አባት ሼህ ሰዒድ ናቸው፤ ነጋዴም ገበሬም፣ በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ሳይሆን ሰኮናዋን የሚያዩ ሰው። በሁለቱ መሐል ያለው ተዳፋት አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር አለ። ውሃ ከእርከኑ በስተኋላ ካቆረ ዋልካው ይረካና ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ አባቶቻቸው ካብ ሲክቡ፣ ውሃው ከጥንት ይወርድበት በነበረው ቦታ ላይ ጠባብ በር ይተዋሉ። በበሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ደረጃ ይደረደራል፤ ውሃው ሳይንደረደር፣ እየተራመደ ይወርዳል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ በበሩ አንጻር ቦይ ቀዶ ወደ ማሽላው ይመራዋል። እያንዳንዱ በር ከላይ አንድ ጠባቂ፣ ከታች አንድ ተቀባይ አለው፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዶፍ ሲጥል ሁለቱም ወገን መቆፈሪያውን ይዞ ይወጣል። የላዮቹ ውሃውን ተከትለው ይወርዳሉ፤ የታቾቹ ውሃውን እየተቀበሉ ይወጣሉ፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ያንተ በር ወደ እኔ አዘንብሏል፣ ያንተ ቦይ ደለል ይዟል እየተባባሉ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ይሟገታሉ፣ እዚያው ያስተካክላሉ። በዚያ ቀን ያልተነገረ ቅሬታ እስከ ከርሞ አይነሣም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። በዚያን ዓመት ዶፉ ሲጥል እኔ በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ሥር ቆሜ በመስኮት አያቸው ነበር። መርሻ ሱሪውን ጠቅልሎ መሐላቸው ነበር። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሼህ ሰዒድ ትከሻውን ይዘው ሲስቁ አየሁ። እኔን ሰው በዝናብ ውስጥ ይዞኝ ስቆ አያውቅም።

የእርከን ዘመቻው ወደዚያ ተዳፋት የደረሰው በተከታዩ በጋ ነው። ንድፉ ከቢሮ ተሠርቶ መጣ፤ በገመድና በውሃ ልክ እየተለካ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ እርከን ይሠራ ይላል። ለሥራው ስንዴና ዘይት የሚሰፈረው በሜትር ነው። መርሻ ንድፉን ይዞ ሄደና ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ምን እያደረግክ ነው ስለው «እያስረዱኝ ነው» አለኝ። ከዚያ በሮቹን እንደ ጥንቱ ትተው ሠሩት። በር የተተወበት ቦታ በሜትር ስለማይቆጠር ሰዎቹ ስንዴ ቀርቶባቸዋል፤ እያወቁ ነው ያስቀሩት። መርሻ በሪፖርቱ ላይ የእርከኑን ርዝመት በሮቹን ቀንሶ በትክክል አስፍሯል። በሮች አሉ ብሎ ግን አልጻፈም።

እኔ ወደዚያ የተላክሁት ላወድሰው ነው። አለቃዬ ጠርቶኝ፣ በአውራጃው እንደ መርሻ ጣቢያ ያማረ ሥራ የለም፣ ሂድና አንድ ጥሩ ዘገባ አምጣ አለኝ። መንገድ ላይ ከመርሻ ጋር ብዙ አላወራንም። ላንድሮቨሩ ከቆመበት ወርደን በእግር ስንጀምር ብቻ፣ «ያልገባህ ነገር ካለ እኔን ሳይሆን እነሱን ጠይቅ» አለኝ። እንደ መምህር የተናገረኝ መሰለኝ። እሱ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄደ። እኔ መምሬ ኃይሉና ሼህ ሰዒድ ከፊትና ከኋላ ሆነውልኝ እርከኑን ከላይ ጀምሬ ወረድኩት። የመጀመሪያውን በር ሳይ የፈረሰ መሰለኝ። ሁለተኛውን ሳይ ሆን ተብሎ መተዉ ገባኝ። ማስታወሻዬን አወጣሁ። በዚያ ሰዓት ደስ አለኝ። ይህን ቃል የምጽፈው አስቤበት ነው፤ አልተገረምኩም፣ አላዘንኩም፣ ደስ ነው ያለኝ። መርሻ የተሳሳተበት ነገር አገኘሁ ብዬ።

ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ በእርምጃዬ ለካሁ፣ ምልክት አደረግሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዕሬን እያዩ አብረውኝ ይወርዱ ነበር። አሥራ አንድ ደርሼ ወደ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ስንቃረብ፣ ሼህ ሰዒድ ፀሐዩ ከረረ፣ አረፍ በል ልጄ አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ሑሴን እየሮጠ አጎዛ አመጣና በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አነጠፈልኝ። ሼሁ በቀኜ፣ መምሬ በግራዬ ተቀመጡ። ትኩስ የማሽላ ቂጣ መጣ፣ ከነሰፈፉ ማር መጣ፣ ወተት መጣ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ እናቴ በሕይወት አለች ወይ አሉኝ፤ ለምን አላገባህም ብለው ተራ በተራ ቀለዱብኝ። መምሬ፣ ሼሁ የሚድሯት የእህት ልጅ እንዳላቸው ነገሩኝ፤ ሼሁ ደግሞ መጀመሪያ ሃይማኖቱን እንጠይቅ እንጂ አሉ። ሳቅን። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠናል። በዚያ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ፣ ከመርሻ ጋር እኩል ሆንኩ ብዬ ያሰብኩበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ነው። ስንነሣ መሽቷል ብለው በሌላ መንገድ ሸኙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዘገባዬን ጻፍኩ። ማር በልቼ እውነት አልደብቅም አልኩ፤ ይህን ለራሴ ስናገር ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አንድም የስድብ ቃል፣ አንድም ግምት አልጨመርኩበትም። «በእርከኑ ላይ በአሥራ አንድ ቦታዎች ክፍተት መኖሩ ተረጋግጧል፤ ክፍተቱ በጣቢያው ሪፖርት ላይ አልተመለከተም» ይላል። ሁሉም ልክ ነው። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብሎ መጠየቅን ለጀማሪዎች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለምን የሚለውን አልጠየቅሁም። ረስቼው አይደለም። መልሱ መርሻን ከፍ የሚያደርግ እንደሚሆን ጠርጥሬ ነበር።

ዜናው ተነበበ። በቴሌው ማዕዘን ያለው ሱቅ ፊት ያን ቀን ሰው ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴ መጣ፤ ዘገባዬን በእጁ ይዞ፣ አሥራ አንዱን በር አንድ በአንድ አስደፈነ። መርሻ ወደ ሩቅ የቆላ ወረዳ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ክፍሌን አንኳኳ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ቆምኩ፤ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር። «የጻፍከው ትክክል ነው» አለኝ። «የጎደለ ነገር ቢኖር እኔም አልጻፍኩትም።» እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እኩል እንሆን ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ ከአንኮበርም ከአሊዩ አምባም በእግርና በበቅሎ የመጣ ሰው መናኸሪያውን ሞልቶት ነበር፤ ማር የያዘ አለ፣ ዶሮ የያዘች አለች፣ መምሬ ሲያሳርጉ ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። እኔ ከዚያ ከተማ ስዛወር የሸኘኝ የአከራዬ ውሻ ነው።

ክረምቱ ከበደ። የተደፈነው እርከን ውሃውን ለጥቂት ሳምንት ያዘው፤ ከዚያ ዋልካው ረካና በሦስት ቦታ ተገፍቶ ወረደ። የሞተ ሰው የለም። የላዮቹ አፈር ከነገብሱ ሄደ፤ የታቾቹ ማሽላ በጭቃና በድንጋይ ተቀበረ። ሄጄ አየሁ። ከሾላው በታች ያለ አንድ ሰፊ መደብ ማሽላ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ዕድለኛ ማሳ ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌያለሁ። ሰዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ሁለቱ ወገኖች መቆፈሪያና ድጅኖ ይዘው፣ ስንዴ የሚሰፍር ሳይኖር፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ሳይመጣ፣ በሮቹን በየቦታቸው እየከፈቱ ነበር። ያኔ ነው በመጨረሻ ለምን ብዬ የጠየቅሁት። መምሬ ኃይሉ ሳይቆጡ፣ ድንጋዩን እያስተካከሉ፣ ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ አስረዱኝ።

ሁለተኛ ዘገባ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ መለሰልኝ። ባለፈው ክፍተት አለ ብለህ የጻፍክ አንተ ነህ፣ አሁን ክፍተቱ ጥሩ ነበር ልትለኝ ነው አለ። ሁለቱም እውነት ነው አልኩት። «አንዱ ወጥቷል» አለኝና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሥራዬን በሥርዓት ቀጠልኩ። ከዓመታት በኋላ መርሻ በሥራው ቦታ ታምሞ ማረፉን ሰማሁ። ያን ሰሞን ወደ አንኮበር ያለፈ አንድ ባልደረባዬ እንደ ነገረኝ፣ ከላይ ተዝካር ተደግሶለታል፣ ከታች ዱዓ ተደርጎለታል፤ ለአንድ ሰው በሁለት ሃይማኖት። ቅናት በሬሣ ላይ ይቆማል ይሉ ይሆናል። የእኔ አልቆመም። ከዚህ ሁሉ መሐል ግን የራሴ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ያ ከሾላው ሥር ያለው ማዕድ። መርሻ ባልነበረበት፣ እኔን ብለው ያቀረቡልኝ። በሰዎቹ ላይ ያመጣሁትን ሳስብ አፍሬ አንገቴን ብደፋም፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ልጃቸው ነበርኩ እል ነበር።

ይህን ለሑሴን ነገርኩት። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ወጣቱ ባለሙያ ሌላ ፎቶግራፍ ማሳየት ጀምሯል፤ እኛ ውጭ ፀሐይ ላይ ቀረን። አባትህ ያን ቀን ያበሉኝን ማር አልረሳሁም አልኩት። ሑሴን ምርኩዙን ከጉልበቱ ላይ አስተካከለና፣ ስንት በር ነበር የቆጠሩት አለኝ።

«አሥራ አንድ» አልኩ። ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም።

«አሥራ ሁለት ነበር።»

ተከራከርኩት። ከላይ ጀምሬ እስከ ሾላው ድረስ በእግሬ ነው የወረድኩት አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ጠየቀኝ።

«ሾላው ሥር ምን አደረጉ?»

«ተቀመጥኩ።»

«በምን ላይ?»

«አንተ ባመጣኸው አጎዛ ላይ።»

«አጎዛውስ በምን ላይ ነበር?»

ጠፍጣፋው ድንጋይ ትዝ አለኝ። ሼሁ በቀኜ፣ መምሬ በግራዬ፣ ሁለቱም በነጠላቸው ጥግ ጥጉን ሸፍነው።

«በሩ ላይ ነበር የተቀመጡት ጋሼ» አለ ሑሴን። ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም፤ ክፋት ግን የለበትም። «ወላሂ አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ይስቅ ነበር። ማሩ እንዳያልቅ ስንሮጥ፣ እናቴ ከጎረቤት ስትበደር!» ከዚያ ረጋ ብሎ ነገሩን ጨረሰልኝ። ብዕሬን ሲያዩ የምጽፈው ሁሉ እንደሚደፈን ገባቸው። ቢያንስ አንዷን እናትርፍ ተባባሉ፤ ሾላዋ ሥር ያለችው ትልቋ ነበረች። ኮሚቴው የመጣው የእኔን ቁጥር ይዞ ነው፤ አሥራ አንድ ደፍኖ ሄደ። ዕድለኛ ያልኩት ማሳ ያቺ በር ያተረፈችው ነው። በተከታዩ ዓመት የታቹ ሰው የዘራው ከዚያ ማሳ በተካፈለው ዘር ነው፤ የላዩም ሰው የገብስ ዘሩን የለወጠው በዚያው ማሽላ ነው።

መርሻ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ሑሴን ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ።

እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ቀን በፊት፣ አለ፣ መርሻ ሁለቱንም ወገን ሰብስቦ ነበር። ጋዜጠኛው ሊመጣ ነው፣ በሮቹንም ያያል፤ ለምን እንደተተዉ ከመጀመሪያው ንገሩት አላቸው። ሰዎቹ ፈሩ። መምሬም ሼሁም የመንግሥት ሰው ነው፣ አንነግረውም አሉ። መርሻ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። አልሆነም። እንግዲያው የእናንተ ነገር ነው፣ እናንተ ያላችሁት ይሁን፣ እኔም አልነግረውም አለና ተወው።

«ስለ እኔ ምን አለ?» አልኩ።

«‹ይህ ሰው ከነገራችሁት አሳምሮ ይጽፈዋል፣ እኔ አውቀዋለሁ› አለ» አለኝ ሑሴን። «አባቴ ‹በምን ታውቀዋለህ?› ቢለው፣ ‹ጎረቤቴ ነው› አለ።»

ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። ሑሴን እንግባ ወይ አለኝ፤ አንተ ግባ፣ እመጣለሁ አልኩት። መርሻ በዚያ ቁልቁለት ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ዘር የተናገረውን ሁሉ ሰው አምኖታል። ተናግሮ ያላመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስለ እኔ የተናገረው። እነሱም ልክ ነበሩ።